ሙቅ፣ ፋፋና ብቅል፤ የሕፃናት ተጨማሪ ምግብ ታሪክ በብቸናና በሞጣ አገር

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ የእህል መንገድ ነው። የብቸና መረሬ መሬት የሚያበቅለው ጤፍ በአዲስ አበባ እህል በረንዳ ስሙ የታወቀ ነው፤ ወደ ሞጣ ሲዘልቁም ስንዴው፣ ገብሱ፣ ሽንብራው፣ ባቄላው፣ ከጮቄ ተራራ ወገብ ደግሞ ድንቹ ይከተላል። ምሥራቅ ጎጃም ለሌላው የሚያተርፍ እንጂ ከሌላው እጅ የሚጠብቅ አገር ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ የዚህ አገር ሕፃን ከሌላው አገር ሕፃን ይልቅ ደንዳናና መለሎ ሆኖ ያድጋል ቢባል የሚያስደንቅ አይሆንም ነበር።

የቁመት መለኪያው የሚናገረው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት የአማራ ክልል ሕፃናት መካከል 46 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ ማለት የቀነጨሩ ሆነው ተገኙ። የመላው አገር አማካይ 38 ከመቶ ሲሆን፣ የአማራው ቁጥር በዚያ ዓመት ከክልሎች ሁሉ የበለጠ ነበር። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ክልሉ ወደ 41፣ አገሪቱ ወደ 37 ከመቶ ዝቅ ብለዋል። አኀዙ የክልሉ በሙሉ ነው እንጂ የብቸናና የሞጣ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም ትርፍ አምራች የተባሉት የጎጃም ወረዳዎች ከዚህ ጣጣ ነፃ አለመሆናቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ልጁ ስለ ምን ያጥራል? ይህ ጥያቄ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ከታየ፣ የሚከተለው ታሪክ የወፍጮ፣ የመንገድና የፈሳሽ ነገር ጭምር መሆኑን ያሳያል።

ቁመት የሚጠፋበት ጊዜ

ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በሁለተኛው ዓመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድገቱ እየቀነሰ ሄዶ በዓመት ስድስትና ሰባት ሴንቲ ሜትር ላይ ይረጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መለኪያ መሠረት የ24 ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 87 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከ81 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው ቀንጭሯል ይባላል። እንግዲህ በሁለት ዓመት ዕድሜ በጤናማውና በቀነጨረው መካከል ያለው ርቀት የአንድ ጣት ርዝመት ብቻ ነው። በዓይን ብቻ ቢያዩት ብዙም አያስታውቅም። ጎረቤቱም ሁሉ በዚያው ልክ አጥሮ ካደገ ደግሞ፣ ልጁ አጭር መሆኑን የሚነግር ሰው አይገኝም፤ እናቱም አባቱም «ዘሩ ነው» ብለው ያልፉታል።

ይህ ርቀት የሚፈጠርበት ጊዜ ግን በጣም የታወቀ ነው። በ2010 ከ54 አገሮች የተሰበሰበ ልኬት ተጠናቅሮ ሲወጣ፣ የድሀ አገር ሕፃናት ቁመት ከመለኪያው እየራቀ የሚሄደው በተለይ እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ መሆኑ ተረጋግጧል። በኢትዮጵያም እንዲሁ ነው፤ ከ6 ወር በታች ካሉት ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት ከአምስት አንድ የማይሞሉ ሲሆኑ፣ ሦስተኛ ዓመታቸውን በያዙት ዘንድ ግን ቁጥሩ ወደ ግማሽ ይጠጋል። በእነዚህ ሁለት ዕድሜዎች መካከል የሆነው ነገር አንድ ነው፤ የእናት ጡት ብቻውን መብቃቱ ቀርቶ፣ ሌላ ምግብ መጨመር አስፈልጓል።

ኮንክሪት የሚሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አዲስ የተሞላ ኮንክሪት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገባውን ውሃ ካላገኘ፣ ከዓመት በኋላ ቢያጠጡት የሚገባውን ጥንካሬ አያገኝም። ሕፃን ግን ከኮንክሪት ይሻላል። በኢትዮጵያ በ20 ሥፍራዎች፣ አማራን ጨምሮ፣ ከ2002 ጀምሮ ሁለት ሺህ ያህል ሕፃናትን እየተከታተለ የመዘገበው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፣ በጨቅላነታቸው ቀንጭረው በኋላ በከፊል ያገገሙ ልጆች እንዳሉ አሳይቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በሴንቲ ሜትር ሲቆጠር፣ በ5 ዓመት ዕድሜ ከሚታየው ጉድለት 70 ከመቶ ያህሉ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት፣ ቀሪው ከዚያ በኋላ እንደሚከማች አስልተዋል። ስለሆነም ከሁለት ዓመት በኋላ በሩ ተዘጋ ማለት ስሕተት ነው፤ ጠበበ ማለት ግን ትክክል ነው።

የሙቅ ሒሳብ

በብቸናና በሞጣ አገር፣ እንዲያውም በአብዛኛው ደጋ ኢትዮጵያ፣ ለሕፃን በመጀመሪያ የሚቀርበው ሙቅ ነው። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከአጃ ዱቄት በብዙ ውሃ ተበጥብጦ የሚፈላ ቀጭን ፈሳሽ ነው። ቀድሞ ሕፃኑን ጭን ላይ አስተኝቶ በእጅ መጋት የተለመደ ነበር፤ በኋላ ጡጦ መጣ። በሁለቱም መንገድ ሙቁ መቅጠን አለበት፤ የወፈረ ነገር በጡጦ ቀዳዳ አያልፍም፣ ሲጋቱትም ያንቃል። «ሆዱ አይችለውም» የሚለው የአያቶች ቃልም አለ። እናትን ለዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የእርሷ ዓይን የሚያየው ሕፃኑ ሳይታነቅ መዋጡን፣ ሆዱ ሞልቶ ዝም ማለቱን ነው። ሆዱ ደግሞ በእርግጥ ሞልቷል።

የሞላው ግን በምንድን ነው? የሕፃን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ያህል ምግብ ነው። ሰባት ኪሎ የሚመዝን የሰባት ወር ሕፃን እንግዲህ በአንድ ማዕድ 210 ግራም ይይዛል፤ አንድ ተራ ብርጭቆ መሆኑ ነው። በቀጭን ሙቅ ውስጥ ዱቄቱ ከመቶ አምስት እጅ፣ የቀረው 95 እጅ ውሃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአንድ ግራም ዱቄት ኃይል 3.5 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሆነ፣ መቶ ግራም ሙቅ የሚሰጠው 17.5 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ጡት የሚጠባ የስድስት እስከ ስምንት ወር ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከአንድ ሊትር በላይ ሙቅ መጠጣት፣ ማለት ጨጓራውን በቀን ከአምስት ጊዜ በላይ እስከ አፉ መሙላት አለበት ማለት ነው። ይህ ከባድ ነው፤ ግን በጭራሽ የማይሆን አይደለም። ከ12 እስከ 23 ወር ባለው ዕድሜ ግን የሚያስፈልገው 550 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ያን በቀጭን ሙቅ ለማግኘት ከሦስት ሊትር በላይ መጠጣት ይገባዋል፤ አሥር ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከአሥር ማዕድ በላይ ነው። ምንም ዓይነት እናት፣ ምንም ዓይነት ሕፃን ይህን አይችልም።

እንግዲህ ዱቄቱን ማብዛት ነዋ፣ ይባል ይሆናል። እዚህ ላይ የስታርች ጠባይ ይገባል። የእህል ዱቄት በውሃ ውስጥ ከ60 እና ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ ጥቃቅኖቹ የስታርች ቅንጣቶች ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይያያዛሉ። ዱቄቱ ከመቶ አሥር እጅ ሲደርስ ሙቁ መፍሰሱን ይተዋል፤ ከ15 እስከ 20 እጅ ሲደርስ ገንፎ ይሆናል። ሙቁን ሙቅ የሚያሰኘው፣ ገንፎውንም ገንፎ የሚያሰኘው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የስታርቹ ሰንሰለት ርዝመት ነው። በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ የሚመጣው ብቅል ሥራው ይህን ሰንሰለት መቁረጥ ነው።

ፋፋ

የሕፃናት ምግብ እጥረት በሽታ ሆኖ በሕክምና መጻሕፍት የተጻፈው ብዙም ሳይርቅ ነው። በ1933 ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም በዛሬዋ ጋና ያየችውን እግሩ ያበጠ፣ ቆዳው የተላጠ ሕፃን በሽታ ገለጠች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በአገሩ ሰዎች፣ በጋ ቋንቋ፣ ክዋሺዮርኮር ብላ ሰየመችው። ስሙ ታናሽ ሲወለድ ከጡት የተገለለውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል የዓለም ሊቃውንት ዓይን በአንድ ነገር ላይ ዐረፈ፤ በፕሮቲን።

በኢትዮጵያ በ1958 የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምግብ ኮሚቴ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ በወታደሩም በሲቪሉም ሕዝብ ላይ የምግብ ጥናት አደረገ። በ1962 ደግሞ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ከስዊድን በኩል ነገሩን ካንቀሳቀሱት ዋነኛው የኡፕሳላው የሕፃናት ሐኪም ፕሮፌሰር ቦ ቫልኲስት ነበሩ። ክፍሉ በ1968 አድጎ የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት ተባለ። በዚያው ዓመት ጉናር አግሬንና ሮዛሊንድ ጊብሰን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ምግቦች የይዘት ሠንጠረዥ ታተመ፤ ጤፉም፣ ሽሮውም፣ እንጀራውም ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ብረት እንደ ያዘ በአኀዝ ተቀመጠ። ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ያለዚያ ሠንጠረዥ ግን አንድ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ምግብ የሚናገረው ሁሉ ግምት ነበር።

የክፍሉ ትልቁ ፍሬ ፋፋ ነው። ስሙ የተመረጠው በጥሩ ጆሮ ነው፤ «ልጁ ፋፋ» ሲባል የማይገባው ኢትዮጵያዊ እናት የለችም። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለገበያ የቀረበው ይህ ዱቄት ከስንዴ፣ ከሽንብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ቅባቱ ከወጣለት ደረቅ ወተት፣ ከስኳር፣ ከጨው፣ ከቪታሚንና ከማዕድን የተቀመመ ሲሆን፣ ከመቶ 20 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነበር። የቅንብሩ ጥበብ የቆየ የባልትና ጥበብ ነው ማለት ይቻላል፤ እህል የጎደለውን ሊሲን ጥራጥሬ ያሟላል፣ ጥራጥሬ የጎደለውን ሜታዮኒን እህል ያሟላል። እንጀራ በሽሮ የሚበላ ሕዝብ ይህን ሳያውቀው ሲሠራበት ኖሯል። የፋብሪካው አዲስ ነገር ይህ አልነበረም፤ በጣም ትንሹን የቪታሚን መጠን በብዙ ኩንታል ዱቄት ውስጥ እኩል ማዳረሱ ነው። ቪታሚኑን መጀመሪያ በጥቂት ዱቄት፣ ያን ደግሞ በሌላ ጥቂት፣ እንዲህ እያሉ ደረጃ በደረጃ ካላቀላቀሉት፣ አንዱ ከረጢት ከልኩ ያልፋል፣ ሌላው ባዶውን ይቀራል። ይህን በእጅ መሥራት አይቻልም።

ፋፋ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተለመደ፤ በጤና ጣቢያዎችም ተሰጠ። ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ገጠር ግን በሰፊው አልዘለቀም፤ ምክንያቱንም ለማግኘት ካርታ ማየት ይበቃል። ሞጣ ከአዲስ አበባ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በመካከሉ የዓባይ ገደል አለ፤ ከደጀን ወዲያ ያለውም መንገድ ለረዥም ዘመን የጠጠር መንገድ ነበር። የአገሩ ሽንብራና ስንዴ በጭነት መኪና ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በከረጢት ታሽጎ፣ የወፍጮ፣ የቅመማና የመጓጓዣ ዋጋ ተጨምሮበት ወደ ነበረበት ይመለሳል። እህሉ በጎተራው ላለው፣ ጥሬ ገንዘብ ግን በእጁ ለሌለው ገበሬ ይህ ንግድ ትርጉም አልነበረውም። የወተቱ ዱቄትና ቪታሚኑ ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጡ ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። ፋፋ መንገዱን በጀመረባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ በ1968፣ የሞጣና የብቸና አውራጃዎች ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ተነሥተው ከመንግሥት ጋር ይዋጉ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መዝጋቢና ለኪ ሁሉ በጥርጣሬ በሚታይበት አገር፣ ሕፃን ልመዝን ብሎ ሚዛን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው በምን ዓይን እንደሚታይ መገመት አያስቸግርም። የሥነ ምግብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አያነሡም፤ ቢያነሡት ግን የአንድ ጥሩ ዱቄት ዕጣ በቅመሙ ብቻ እንደማይወሰን ይታይ ነበር።

በኋላ የመጣው ረሃብ ፋብሪካውን ወደ ሌላ ሥራ መለሰው። በ1984 እና በ1985 ፋሚክስ የተባለው የእርዳታ ቅይጥ ዱቄት በብዛት ይመረት ጀመር፤ የብዙ ሰው ነፍስም አተረፈ። ነገር ግን ረሃብ ወደ ጎላበት ሲኬድ፣ ረሃብ የሌለበት ግን ልጁ የሚቀነጭርበት አገር ይረሳል። ኢንስቲትዩቱ ራሱ በ1995 ከሌላ የጤና ምርምር ተቋም ጋር ተቀላቅሎ በኋላ የዛሬው የኅብረተ ሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል።

የጓቲማላ አራት መንደሮች

ፋፋ ወንድሞች ነበሩት። ከእነርሱ ታላቁ በጓቲማላ የተሠራው ኢንካፓሪና ነው። በዚያ አገር ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች የተደረገው ሙከራ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። በሁለቱ መንደሮች አቶሌ የተባለ፣ ከኢንካፓሪና፣ ከደረቅ ወተትና ከስኳር የተሠራ ሙቅ ይታደል ነበር፤ 180 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ኩባያ 163 ኪሎ ካሎሪና 11.5 ግራም ፕሮቲን ነበረው። በሁለቱ መንደሮች ደግሞ ፕሮቲን የሌለው፣ በኩባያ 59 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ጣፋጭ መጠጥ ይሰጥ ነበር። አቶሌ የጠጡት ሕፃናት በሦስት ዓመታቸው ከሌሎቹ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል በልጠው ተገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተሰጠው አቶሌ ግን በቁመት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ዓመታት አልፈው ልጆቹ ሲጎለምሱ ተፈልገው ተጠየቁ፤ በ2008 በታተመው ውጤት፣ ከልደት እስከ ሁለት ዓመት አቶሌ ያገኙት ወንዶች የሰዓት ደመወዛቸው ከሌሎቹ 46 ከመቶ ያህል በልጦ ነበር። በሴቶቹ ደመወዝ ላይ ተመሳሳይ ልዩነት አልታየም።

የሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነገር ስለዚህ የቁመት ብቻ አይደለም። በዚያ ዕድሜ አጥንቱ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ አንጎሉም ነው። ሌላው ልብ የሚባለው ነገር የአቶሌው ጥግግት ነው። በሚሊ ሊትር 0.9 ኪሎ ካሎሪ ነበረው፤ ከላይ ከተሰላው ቀጭን ሙቅ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። በ1974 ዶናልድ ማክላረን የተባለ ሊቅ «ታላቁ የፕሮቲን ክሽፈት» ብሎ በጻፈው ጽሑፍ፣ ዓለም በፕሮቲን ብቻ ተጠምዶ ሕፃኑ በጠቅላላው የሚበላው ማነሱን ዘነጋው ሲል ወቀሰ። ወቀሳው የበዛ ነበር፤ በቅርብ ጊዜ የፕሮቲን ጥራት ጉዳይ ተመልሶ ተነሥቷል። ግን ፋፋንም ቢሆን እናቲቱ እንደ ለመደችው በብዙ ውሃ አቅጥና በጡጦ ከሰጠችው፣ ከፍተኛ ዋጋ የተከፈለበት ዱቄት ውሃ ሆኖ እንደሚቀር እውነት ነው።

እንቁላሉና ጾሙ

በሁለቱ አውራጃዎች ያለው ቤተ ሰብ ላም፣ በግና ዶሮ አያጣም። ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው ገበያ ይወጣል፤ እንቁላሉ በቅዳሜ ገበያ ጨውና ቡና ይሆናል። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ጥቂት ለጋ ቅቤ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ሆኖ ሳለ፣ ቅቤው በእርግጥ በሚያስፈልገው በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር ከሙቁ ላይ አለመታየቱ የሚገርም ነው።

ጾም ደግሞ አለ። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን አታስጾምም፤ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግዴታ የለበትም። ሆኖም በዓመት ውስጥ ከ180 የማያንሰው የጾም ቀን ሲሆን፣ ብዙ እናቶች ለልጅ ብለው ወተት ቢያፈሉ ወይም እንቁላል ቢቀቅሉ ዕቃው ያስገድፈናል ብለው ይተዉታል። ስለዚህ ልጁ በሕግ ሳይሆን በድስት ምክንያት ይጾማል። ለሕፃኑ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ መያዝ ይህን ይፈታዋል፤ የሃይማኖት አባቶችም በዚህ ረገድ ሲያስተምሩ መደመጣቸው መልካም ነው። እንቁላል ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። በኤኳዶር ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል የተሰጣቸው ሕፃናት በቁመት ግልጽ መሻሻል ሲያሳዩ፣ በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ለውጥ አላሳየም።

ብቅል

በብቸናም ሆነ በሞጣ ጠላ የማይጠመቅበት ቤት ጥቂት ነው። ጠላ ያለ ብቅል አይሆንም። ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይጠነፈፍና በቅጠል ተሸፍኖ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ሲበቅል ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። በዚያ ቡቃያ ውስጥ አሚሌዝ የተባለ ኤንዛይም አለ፤ ሥራውም ረዣዥሙን የስታርች ሰንሰለት መቆራረጥ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ስሙን አታውቀውም፤ ሥራውን ግን ከማንም ይልቅ ታውቃለች፤ ብቅል የገባበት ነገር እንደሚቀጥንና እንደሚጣፍጥ ለእርሷ አይነገራትም።

አሁን ከላይ የተተወው ሒሳብ ይመለስ። ከመቶ 20 እጅ ዱቄት ያለበት ወፍራም ገንፎ ተሠርቶ፣ ከእሳት ወርዶ ጥቂት በረድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የብቅል ዱቄት ቢጨመርበት፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገንፎው ቀጥኖ እንደ ሙቅ ይፈስሳል። ዱቄቱ ግን አልቀነሰም። መቶ ግራሙ 17.5 መሆኑ ቀርቶ 70 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ 550 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት ሦስት ሊትር መጠጣቱ ቀርቶ 800 ግራም ያህል ይበቃዋል፤ ሦስት ማዕድ መሆኑ ነው። ሁለት ነገር ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብቅሉ በሚፈላ ገንፎ ላይ ከገባ ኤንዛይሙ ይሞታል፤ ከቀጠነ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ እንደገና ካልፈላ፣ ከብቅሉ ጋር የገባ ጀርም ለተቅማጥ ይዳርጋል። ሻጋታ የያዘው ብቅልም መጣል አለበት።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1980ዎቹ በታንዛኒያ ተመራማሪዎች «ኪሜያ» የተባለውን የማሽላ ብቅል፣ በሕንድ ባሮዳ ከተማ ደግሞ ሌሎች የስንዴ ብቅልን ለሕፃናት ገንፎ ሞክረው፣ ሕፃኑ የሚያገኘው ኃይል እንደሚጨምር አሳይተዋል። ለኢትዮጵያ የሚለየው ብቅሉን ማስተማር አለማስፈለጉ ነው፤ ከጋን አጠገብ ተቀምጧል። እርግጥ ብቅል ፕሮቲን አይጨምርም፣ ብረት ወይም ዚንክ አይሆንም፤ ሽንብራውን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውን አይተካም። የሚያደርገው ለእነዚህ ሁሉ በትንሹ ጨጓራ ውስጥ ቦታ መልቀቅ ነው።

ከሰቆጣ ወዲህ

በ2015 የኢትዮጵያ መንግሥት በዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ስም የተጠራውን ቃል ኪዳን አወጣ፤ በ2030 ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ዘንድ መቀንጨርን ለማጥፋት። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2010ሩ ዓመታት መጀመሪያ፣ አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች የሴቶች ቡድኖች እህልና ጥራጥሬ ቆልተው፣ ከክተውና አስፈጭተው የሕፃናት ዱቄት ሲያዘጋጁ፣ እናትም በገንዘብ ፈንታ እህል አምጥታ ስትለውጥ ታይቷል። ይህ ፋፋ ያልዘለቀበትን መንገድ በሌላ በኩል መዞር ነው፤ ፋብሪካው ወደ እህሉ ሄደ።

መሐንዲሶች በዚህ ውስጥ ድርሻቸው የንጹሕ ውሃና የመጸዳጃ ቤት ብቻ ነው ብለው ለረዥም ጊዜ ሲያስቡ ኖረዋል። በ2018 እና በ2019 የታተሙት የባንግላዴሽ፣ የኬንያና የዚምባብዌ ሰፋፊ ሙከራዎች ውጤት ስለዚህ ያልተጠበቀ ሆነ። ውሃ ማከሚያ፣ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ የተሰጣቸው መንደሮች ሕፃናት በቁመት አልጨመሩም፤ የተሻለ ተጨማሪ ምግብ የተሰጣቸው ግን፣ ጥቂት ቢሆንም፣ ጨመሩ። ንጹሕ ውሃ ከንቱ ነው የሚል ከዚህ አይወጣም፤ በሙከራዎቹ የተሠራው ጉድጓድና ክሎሪን የሕፃኑን አካባቢ ለማንጻት በቂ አልነበረም የሚሉ አሉ፣ ክርክራቸውም ጠንካራ ነው። ምግቡን ግን ለሌላ ሙያ ትቶ መቀመጥ እንደማይቻል ያሳያል።

ለአንድ ሕፃን ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ምግብ ሁሉ ዱቄት ቢሆን፣ በላይኛው ሒሳብ 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ከአንድ ኩንታል በታች። የብቸናም ሆነ የሞጣ አንድ ወፍጮ ቤት ይህን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። የሚቀረው የሥርዐት ጉዳይ ነው። ገበያ ቀን ከማለዳ እስከ ማታ ጤፉ፣ በቆሎው፣ ጓያው፣ በበርበሬ የተደለዘው ሽሮ በአንድ ወፍጮ ያልፋል። የሕፃኑ ዱቄት በርበሬም ጓያም ሊነካው አይገባም፤ ስለዚህ ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ፣ ጠዋት ከሁሉ ፊት መፈጨት አለበት። ሽንብራው ቀድሞ ተቆልቶ መከካት፣ የተፈጨውም በጠባብ ወንፊት መነፋት ይኖርበታል። ሦስት እጅ እህል በአንድ እጅ ሽንብራ የሚሰፍር ቁና፣ መቁያ ምጣድ፣ መክኪያና ሰፋ ያለ ወንፊት በወፍጮ ቤቱ አንድ ጥግ ይበቃሉ። ብቅሉን እናቲቱ ከቤቷ ታመጣለች።